ሰው ይገፋ ነበር?

የበርሊን ማራቶንን በጨረስኩ ዕለት ማታ ለእህቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ። ስንት ሰዓት ገባህ አላለችኝም። ጉልበትህስ አላለችም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይሄ ነበር፦

«ሰው ይገፋ ነበር?»

ጥያቄዋ ለእኔ ለምን ከባድ እንደሆነ እንዲገባችሁ ስምንት ዓመት ወደኋላ ልመልሳችሁ።

ያኔ የሦስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ። በምማርበት ከተማ የጎዳና ላይ ሩጫ ተዘጋጀ። ከተማውንም አዘጋጆቹንም አልጠራም፤ ብዙ ጊዜ አልፏል፣ የምጽፈውም እነሱን ለመክሰስ አይደለም። ሚጣ (ቤት ውስጥ እንደዚያ ነው የምንጠራት) 17 ዓመቷ ነበር፤ ፈተናዋን ጨርሳ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ሩጫ አትወድም። እኔ ነኝ ለምኜ፣ ቀልጄ፣ በመጨረሻም «ፈሪ ነሽ» ብዬ ያስገባኋት። የስፖርት ጫማ ስላልነበራት የእማዬን ይዛ እንድትመጣ አደረግኩ። እማዬ ስኳር ስላለባት ሐኪም በየቀኑ ተራመጂ ብሏት የተገዛ ነጭ ስኒከር ነው። ለሚጣ አንድ ቁጥር ይጠባት ነበር። «ለአምስት ኪሎ ሜትር ምን አላት!» አልኩ።

መነሻው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተብሎ ነበር። አንድ ሰዓት ሆነ፣ አንድ ተኩል ሆነ፣ የክብር እንግዳው አልመጡም። ዲጄው ዘፈን ይለቅቃል፣ እኛ እንጨፍራለን። መንገዱ ራሱ ሰፊ ነው፤ ግን ግራና ቀኝ ድምፅ ማጉያ የተጫነባቸው ሁለት ፒክአፖች ቆመውበት መሐሉ ጠቧል። በነሱ መሐል በአየር የተነፋ በር አለ፤ ከበሩ ፊት ደግሞ አንድ ገመድ። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር የያዙት የእኛው እኩዮች ናቸው፤ ለሻይና ለቲሸርት ብለው የመጡ ልጆች። አርፍዶ የመጣው ሁሉ ከኋላ ይጨመራል። ዘፈኑ ሞቅ ሲል ሰው ወደፊት ይወዛወዛል፣ ገመዱ ጋ ይደርስና ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር። እየተገፋን እንስቅ ነበር።

ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ መሳቁን የተውንበትን ቅጽበት አስታውሳለሁ። ስልኬን ከኪሴ ለማውጣት ፈለግኩና እጄ ወደ ኪሴ አልወርድ አለኝ። ክርኔ ከማላውቀው ሰው ጎድን ጋር ተጣብቋል። ሚጣን በቀኝ እጄ ይዣታለሁ፤ ፊቷን ግን ማየት አልችልም። ከዚያ የሆነ ቦታ ፊሽካ ተነፋ። ማን እንደነፋው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከኋላ ያለው ሕዝብ ሩጫው የተጀመረ መሰለው። ከፊት ያሉት ልጆች ደግሞ ገመዱን አልለቀቁም፤ አትልቀቁ ተብለዋላ።

እጃችን ተለያየ። ሚጣ ገመዱ ላይ ወደቀች።

ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ እንኳን የፈጀ አይመስለኝም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሁለት እናቶች (የሚሮጡ አልነበሩም፣ ሊያዩ የመጡ ነበሩ) ከዳር ገብተው፣ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው፣ አንስተው አወጧት። ገመዱ ተለቀቀና ሰዉ ሮጠ። ዲጄው ከአሥር ወደ አንድ እየቆጠረ ነበር፤ ምን እንደሚቆጥር እንጃ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሳገኛት አንድ እግሯ በካልሲ ብቻ ነው፣ የግራ እጇ አንጓ ደግሞ ቦታው ላይ አይደለም። ተሰብሮ ነበር። ጫማውን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ለእማዬ «አዳልጧት ነው» አልን። ለጓደኞቼ ደግሞ «ሕዝቡ አለያየን» አልኩ።

ሚጣ ከዚያ ወዲህ ሰው የበዛበት ቦታ አትቆምም። ጥምቀትን በቴሌቪዥን ነው የምታየው። የታክሲ ሰልፍ መገፋፋት ሲጀምር ወጥታ በእግሯ ትሄዳለች፤ ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ቢሆንም። አሁን አዲስ አበባ ፋርማሲስት ናት፤ ፋርማሲው ጠባብ ነው፣ ሰው በየተራ ነው የሚገባው። ተመችቷታል።

እኔ ደግሞ መሮጥ ቀጠልኩ፣ ግን ለብቻዬ። ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሦስት ጊዜ ተመዝግቤያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሥር ሺህ ሰው የተጀመረው፣ የመጀመሪያውንም ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ያሸነፈው፣ ዛሬ በብዙ አሥር ሺዎች የሚሮጠው ያ የኅዳር ድግስ! ሦስቱንም ጊዜ ቲሸርቱን ለብሼ እስከ ስታዲየም ድረስ ሄጃለሁ። ከዚያ መስቀል አደባባይን የሞላውን አንድ ዓይነት ቀለም አይና እመለሳለሁ። ጎረቤት «ስንት ገባህ?» ሲለኝ «ሰው በዝቶ መሮጥ አልተቻለም» እላለሁ። ግማሽ እውነት ነው።

የነገሩን ሳይንስ ያገኘሁት ከሥራ ነው። አንድ ሌሊት የምንሠራበት ሲስተም ወደቀ። ለአምስት ደቂቃ ተቋርጦ የነበረው ሰርቨር ልክ ሲነሳ፣ ሲጠብቁ የቆዩት አፖች ሁሉ እኩል ሮጠው መጡበትና መልሰው ጣሉት። ብናስነሳው ይወድቃል፣ ብናስነሳው ይወድቃል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ አፕ የተለያየ የመጠበቂያ ጊዜ መስጠት ነው፤ አንተ ሁለት ሰከንድ፣ አንተ አምስት፣ አንተ ዘጠኝ። ሰርቨሩ አልተለወጠም፣ ሥራውም አልቀነሰም። አመጣጣቸው ብቻ ተለወጠ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህን ኮድ እየጻፍኩ ያ ገመድ ትዝ አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስለ ሕዝብ ግፊያ ማንበብ ያዝኩ።

ጆን ፍሩይን የሚባል አሜሪካዊ ኢንጂነር አለ፤ ስለ ግፊያ አደጋዎች የጻፈው ጽሑፍ አጭር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ሰባት ሰው ገደማ ሲቆም፣ ሕዝቡ የሰዎች ስብስብ መሆኑ ያበቃና እንደ ፈሳሽ ይሆናል ይላል። ከኋላ የመጣ ግፊት በሞገድ መልክ ያልፋል፤ ሰውን ከመሬት ያነሳል፣ ከጫማውም ሊያወጣ ይችላል። ከጫማው! ይህን ሳነብ ላፕቶፑን ዘግቼ ተነሳሁ። እኔ እኮ ለዓመታት ጫማው ስለጠበባት አላግባብ አስራው ይሆናል ብዬ አስብ ነበር።

ሌላው የገረመኝ፣ በግፊያ የሚሞት ሰው በአብዛኛው ተረግጦ አይደለም የሚሞተው። ቆሞ እያለ ደረቱ ተጨምቆ፣ መተንፈስ አቅቶት ነው። የሚገፋውም ሰው ክፉ አይደለም። ከኋላ ያለው ፊት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አንድ እርምጃ ነው የተራመደው። አንድ ሺህ ሰው አንድ አንድ እርምጃ ሲራመድ ግን የሆነ ቦታ የአንዲት ልጅ እጅ ይሰበራል። ፍሩይን መታየት ያለባቸውን ነገሮች አራት ያደርጋቸዋል፦ ጉልበት፣ መረጃ፣ ቦታ፣ ጊዜ። የእኛን እሁድ በአራቱም መዘንኩት። ቦታውን ፒክአፖቹ በልተውታል። ጊዜው በእንግዳው ተበልቷል። መረጃው አንዲት ፊሽካ ናት። የቀረው ጉልበት ነበር፣ እሱ ደግሞ ሞልቶ ተርፏል።

እሺ፣ በርሊን።

ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ወደዚህ መጣሁ። የቢሮ ሰዎች ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሩጫ ነው፤ አይፈረድባቸውም። ኃይሌ ከ2006 እስከ 2009 እዚህ አራት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል፤ በ2008 ሲሮጥ 2፡03፡59 ገብቶ ከ2፡04 በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቀነኒሳ በ2019 እዚሁ 2፡01፡41 ሮጦ ለክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ነው የቀረው። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 የሴቶቹን ክብረ ወሰን 2፡11፡53 ያደረገችው እዚሁ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ሰባት ደቂቃ ተኩል የሚፈጅብኝ የእነሱ ሀገር ልጅ ነኝ። አንድ ባልደረባዬ አብሮኝ ሮጦ ትንፋሹን ሳያጣ ሲጨርስ በጣም አዘነ፤ ለራሱ ሳይሆን ለእኔ።

ዕጣው ላይ ስሜን ያስገባሁት አይወጣልኝም ብዬ ነው። ወጣ።

የ2024ቱ ሩጫ መስከረም 29 በፈረንጆቹ ነበር፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ፀሐይ የወጣበት እሁድ። ከ54,000 በላይ ሰው የጨረሰበት ሩጫ ነው። ያን ቁጥር ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ከቤት አልወጣም ነበር። መጀመሪያ የገረመኝ ነገር የተጀመረው ግን ከቀናት በፊት ነው። ቁጥራችንን የምንወስደው ቴምፕልሆፍ በሚባለው አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ እጃችን ላይ የጨርቅ አምባር ያስሩልናል፣ እስከ ሩጫው ቀን አይፈታም። ያለ አምባሩ ወደ መነሻው አይገባም። አምባሩን ሳየው «ሰው ተቆጥሯል» አልኩ በልቤ። የእኛ ጊዜ ስንት ሰው እንደነበርን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

መነሻው ቲየርጋርተን የሚባለውን ትልቅ ፓርክ መሐል ለመሐል የሚሰነጥቅ ሰፊ ጎዳና ላይ ነው። ሕዝቡ በፍጥነቱ ልክ በፊደል ተመድቧል፤ በየምድቡ መሐል የብረት አጥር አለ። እኔ ያው ከመጨረሻዎቹ ጋር ነኝ። የሽንት ቤት ሰልፍ የትም ሀገር ያው ነው፤ ትዕግሥት ያጣው ወደ ዛፎቹ ይሄዳል። መሪዎቹ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡15 ተነሱ። ከዚያ ሌላ ዙር። ከዚያ ሌላ። የእኔ ተራ ሲደርስ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ቆሜ ስጠብቅ ሒሳብ ሠራሁ። መንገዱ ለሩጫ የሚሆን 20 ሜትር ስፋት አለው እንበል፤ በእያንዳንዱ ሜትር በሰከንድ አንድ ሰው ቢያልፍ፣ በደቂቃ 1,200 ሰው ነው። ሃምሳ ሺህ ሰው ሳይገፋፋ እንዲያልፍ ከአርባ ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል። ከዚያ ባነሰ ጊዜ ልልቀቃቸው ብትል፣ የተረፈው ሕዝብ አንዱ ሌላው ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ መጠበቃችን ቸልተኝነት አይደለም፤ ስፋታችን ነው።

ቺፑም አለ። ሰዓትህ የሚጀምረው ተኩሱ ሲተኮስ ሳይሆን አንተ መስመሩን ስትረግጥ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ፊት መቆም ምንም ካልጠቀመህ ለምን ትገፋለህ? ሰውን «አትግፋ» ብሎ ከመለመን፣ መግፋትን ዋጋ ቢስ ማድረግ። ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር።

ከሁሉም ግን ገመዱ። የእኛ ዙር ሲደርስ አጥሩ ተከፈተ፤ ፊታችን በጎ ፈቃደኞች ገመድ ይዘው ቆመዋል። ሳየው ጉሮሮዬ ደረቀ። ከዚያ ገመዱ መራመድ ጀመረ። ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ የኋሊት፣ ቀስ እያሉ፣ ከእኛ ጋር እየሄዱ እስከ መነሻው መስመር ወሰዱን። አንዷ ነጭ ፀጉር ያላት ሴትዮ ናት፤ እየሳቀች በእጇ «ቀስ፣ ቀስ» ትላለች። ማንም ገመዱን አልነካውም። ሕዝቡን የሚያቆም ገመድ ነበር የማውቀው፤ ሕዝቡን የሚያስኬድ አይቼ አላውቅም።

ስለ ሩጫው ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። ሰባተኛ ኪሎ ሜትር አካባቢ ስደርስ ሚልኬሳ መንገሻ በ2፡03፡17 ገብቶ ጨርሷል፤ ከሴቶቹም ትዕግሥት ከተማ አሸንፋለች። ሁለቱም የእኛ! ይህን ከአንድ ተመልካች ስልክ ላይ ነው የሰማሁት። ጀርመኖች ደረቴ ላይ ያለውን ስም አንብበው እንደመሰላቸው ይጠሩኛል፤ ከአምስት ያላነሱ አዳዲስ ስሞች አግኝቻለሁ። አንድ ማዕዘን ላይ ሰንደቅ ዓላማ የያዙ ሐበሾች ነበሩ። አሸናፊዎቹ ካለፉ ስንት ሰዓታቸው! እነሱ ግን አሉ። «በርታ! በርታ ወንድሜ!» ሲሉኝ አንዲት እናት አዩኝና «ልጄ፣ አትቸኩል፣ እንጀራ አለ» አሉኝ። እንጀራው የት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከግማሹ ትንሽ አለፍ ብሎ የውኃ ጠረጴዛ አለ። ከፊቴ ያሉት ብርጭቆ ሊያነሱ ድንገት ቆሙ። ከኋላ ያሉት አላዩም። ክፋት የለም፤ እንዳልኳችሁ አንድ እርምጃ ነው። ጀርባዬ ላይ አንድ ደረት ተጫነኝ፣ ክርን ጎድኔን ነካኝ፣ መሬቱ በፕላስቲክ ብርጭቆ ተሞልቶ ይንኳኳል። አጠገቤ ያለች ሴት ብርጭቆ ረግጣ ተንሸራተተች። ልይዛት እችል ነበር። ከእኔ አንድ ክንድ ነው የምትርቀው። ሌላ ሰው ያዛት፤ ምንም አልሆነችም፣ አመስግና ሮጠች።

የእኔ ሁለት እጆች ደረቴ ላይ ነበሩ።

ወደ ዳር ወጥቼ አንድ የመብራት ምሰሶ ይዤ ቆምኩ። የአሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው በጎ ፈቃደኛ ልጅ ሻይ አመጣልኝና ደህና ነህ ወይ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። አራት ደቂቃ ቆሜያለሁ፤ ሰዓቴ መዝግቦታል። በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው፣ ለራሴም የተናገርኩትን ነገር አየሁት። ሕዝቡ አላለያየንም። ያን ቀን ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሁለት እጄን አንስቼ ደረቴን ከለልኩ። ለዚያ ደግሞ የያዝኩትን መልቀቅ ነበረብኝ። የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ግፊያን የሚያስተምሩ ሰዎች እጃችሁን እንደ ቦክሰኛ ደረታችሁ ላይ አድርጉ ይላሉ፤ ትክክለኛው ነገር እሱ ነው። ይህን በኋላ አንብቤ ተጽናንቻለሁም። ግን ያኔ አላነበብኩም ነበር። ፈርቼ ነው።

ብራንደንቡርግ በርን በሩጫ ያለፍኩት ይመስለኛል፤ ፎቶው ላይ ግን እየተራመድኩ ነው። 5፡12።

«ሰው ይገፋ ነበር?» አለችኝ ሚጣ።

«አንድ ቦታ» አልኩ። ስለ ውኃው ጠረጴዛ ነገርኳት። ከዚያ ሳላስበው «ሚጣ፣ ያን ቀን እጅሽን የለቀቅኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። «እጄ እኮ ነው። ሲለቀቅ ይታወቃል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ?»

የእውነት ኔትወርኩ ያኔ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ኩሽና ውስጥ ናት፤ ሽንኩርት እየከተፈች ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋዋለች። ያለፈውን አላነሳችም። «ያ የሚሄደው ገመድ ያልከው እስቲ ደግመህ ንገረኝ» አለች። ነገርኳት። ስንት ሰው ይይዘዋል? ስድስት ይሆናሉ። የኋሊት ነው የሚሄዱት? አዎ፣ የኋሊት። ቢወድቁስ? አልወደቁም። ሴቶችም አሉበት? አሉበት፣ አንዷ የእማዬ እኩያ ናት።

ቢላዋውን አስቀምጣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ሽንኩርቱ ነው።

«ጫማውን ግን መግዛት አለብህ» አለች። «38 ቁጥር።»

«የእማዬ 37 አልነበረም እንዴ?»

«የእማዬን ማን አለህ?»